ቻይናውን የመረጠ ዕለት

ሰፈሩ ሁሉ «ነጎድጓድ» ይለው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት በሰው ሠርግ ድራም ሲመታ ኖሮ፣ ጆሮው ከዳው። ወፍራሙ ድምፅ በእግሩ በኩል ይገባለታል፤ ቀጭኑ ግን ከጠፋበት ቆይቷል። ምቱን የሚጠብቀው የቤዝ ተጫዋቹን ጫማ እያየ፣ የሰው ንግግር የሚገባው ከንፈር እያየ ነው። ይህን የነገረው ለሚስቱ ብቻ ነው። «ደርሰውብህ ከምትዋረድ ቀድመህ ንገረው» ብትለው፣ «ከድራሙ ካስነሡኝ ምን ቀረኝ?» አላት።

እንዲነግረው የምትለው ታናሽ ወንድሙን ነው፤ የባንዱ አለቃ እሱ ነውና። አባታቸው ሲሞት አዝሎ ያሳደገው፣ በባልዲ ቂጥ ላይ ምት ያስቆጠረው ያ ሕፃን። አይ ጊዜ!

አንድ ከሰዓት ወንድሙ «ጋሼ፣ ቻይና እንግዛ፤ አንተ ምረጥ» ብሎ ሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ወሰደው። ቻይና የሚሉት ከድራሙ ጎን የሚሰቀል፣ ጠርዙ የተቀለበሰ የነሐስ ሲምባል ነው፤ ሲመቱት እንደወደቀ ትሪ ተንጫጭቶ ወዲያው ዝም ይላል። ነጎድጓድ ደስ አለው። ዛሬም ከሰው ይቆጥረኛል አለ በልቡ። ጠርዛቸውን እየዳሰሰ፣ በመዳፉ እየመዘነ ሦስት ለየ።

«አባባ፣ ሐብሐብ መሰለዎት እንዴ?» አለ ሻጩ።

«ዓይንህ እንዳያዳላ ጋሼ፣ በጆሮህ ምረጥ» አለና ወንድሙ ትከሻውን ይዞ ወደ ግድግዳ አዞረው። እጁን ግን ከትከሻው አላነሣም። አንዴ ጫን አደረገው። ነጎድጓድ ተመታ ማለት ነው ብሎ ግንባሩን ቋጠረ። ደግሞ ጫን። ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው ላይ ጮኸ፦ «ይሄ! ይሄ ነው! አጭር፣ ቁጡ! ቻይና ማለት እንዲህ ነው!»

ዞረ። ሦስቱም ሲምባሎች ባንኮኒው ላይ እንደተደራረቡ ናቸው። ሻጩ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«አንዱንም አልመታሁም ጋሼ» አለ ወንድሙ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ከንፈሩን እየጎተተ። «የባንዳችን ዘፋኝ ‹ጆሮው አይሰማም› ስትለኝ፣ ባይኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ ነው።»

«ቤት ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

«ትዋሸኝ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ይዋሽ ነበር።

«ለእሑዱ ሠርግ ሌላ ድራም መቺ ይዣለሁ። አንተ ዕቃ ትጭናለህ፣ ካልከፋህ» አለው ወንድሙ፤ ወደ ሻጩም ዞረ፦ «ያን ያደነቀውን ጠቅልልልን።»

ነጎድጓድ ጥቅሉን አቅፎ ተከተለው። መኪናው ጋ ሲደርሱ ወንድሙ አንድ ነገር ተናገረ፤ ፊቱን ስላላዞረ ምን እንዳለ አላወቀም።

«እሺ» አለው።