ተንሳፋፊዎቹን የሚያስር ክር

ባሕር ውስጥ የጠፋ መረብ ሥራ አያቆምም። ናይለን አይበሰብስምና ዓሣ ይይዛል፤ የተያዘው ይሞታል፤ የሞተውን ሊበላ የመጣውም ይያዛል። የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች ይህን «የሙት መረብ» ይሉታል፤ ጎታች የለው፣ ባለቤት የለው፣ ያጠምዳል። መረብ ሠሪዋ የያዘችው ጥያቄ ይህ ነው፦ የጠፋ መረብ እንዴት ማጥመዱን ይተው?

ሰፈሩ «ብረቷ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፣ ቋጠሮዋ አይፈታም ለማለት። የእያንዳንዱን ቋጠሮ ጫፍ በክብሪት ለብለብ አድርጋ ታጠቁረዋለች። ባሏም «የሚስቴ መረብ ሲቀደድ ያየ እጁን ያውጣ!» እያለ ይጎርርባት ነበር።

አንድ ክረምት ማዕበል አንዱን መረብ ወሰደባቸው። ሌላ ሠራች፤ ረሱት። በዓመቱ የጀልባው ሞተር ድንገት ቀጥ አለ፤ ከሥር የሆነ ነገር ተጠምጥሞበታል። ባሏ ቢላ ይዞ ወረደ። አልወጣም። አብሮት የነበረው ወንድሙ ከነመረቡ ጎትቶ አወጣው። ዳርቻው ላይ መረቡን ከእግሩ ልትፈታ የተንበረከከችው እሷ ናት። የጠቆሩትን ጫፎች አየች። በጥፍሯም በጥርሷም ታግላ ቋጠሮው እምቢ ሲላት መረቡ የማን እንደሆነ ሰው ሁሉ ገባው።

ሐዘኑ ሳይወጣላት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መረብን ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት ከላይ የታሰሩት ተንሳፋፊዎች ናቸው። በጥጥ ክር ቢታሰሩስ? መረቡ ሲጠፋ ጥጡ ይበሰብሳል፣ ተንሳፋፊዎቹ ይለያሉ፣ መረቡ እንደ አሮጌ ጨርቅ ወለሉ ላይ ይተኛል። እንዴት ያለ ቀላል መላ!

የባሏ ወንድም መረቡን አገላብጦ አየው። «እትዬ፣ ለወንድሜ ብረት፣ ለእኔ ጥጥ?» አላት። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ወሰደው።

ጥጡ ገና ሥራ ላይ እያለ ተበጠሰ። መረቡን ደጇ ላይ አወረደው።

«ልጆቼ ባዶ እጄን ስገባ አዩኝ፣ እትዬ።»

«ሌላ ብሠራ ትወስደዋለህ?»

ወደ ባሕሩ ዞረ። «መጀመሪያ ይሥሩት።»

አሁን ከጀልባ ማቆሚያው እንጨት ላይ የጥጥ ክሮች ውሃው ውስጥ አንጠልጥላለች፤ ነጠላ፣ ድርብ፣ ሻማ የተቀባ። ቶሎ ከተበጠሰ ዓሣ አጥማጁን ያስርባል፤ ከዘገየም ባሕሩ ውስጥ ይገድላል። ጠዋት ጠዋት እያወጣች ትስባቸዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ክር የሳበችው እንዳይበጠስባት ነበር። ዛሬ ነጠላው ተበጥሶ እጇ ላይ ቀረ። ሻማ የተቀባውን ሳበችው፤ ጸና። መልሳ ውሃው ውስጥ ለቀቀችው።