ከወንበር ወደ ምንጣፍ

ሐርጌሳ ውስጥ ስለ ወገብ የማያውቅ ሰው የለም። ስለ እኔ ወገብ ማለቴ ነው። ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር የስፌት መኪናዬን ባስቀመጥኩበት በረንዳ የሚያልፍ ሁሉ መድኃኒት ያዝዝልኛል። አንዱ የግመል ሻኛ ስብ አቅልጠህ ጠጣ ይላል፣ ሌላው በጋለ ብረት ተተኮስ ይላል፣ አንዷ ደግሞ የልጇን ዩኒፎርም ልታሳጥር መጥታ «ጂን ነው» ብላኝ ሄደች። ጂን! ወላሂ መቀሱ በእጄ ባይሆን ኖሮ ምላሼ ሌላ ነበር።

ሐኪሙ ግን የራጁን ፊልም ብርሃን ላይ ሰቅሎ እቅጩን ነገረኝ። «የጀርባ አጥንትህ ዲስክ ተንሸራቷል። ኦፕሬሽን አያስፈልግህም፣ ጨርሶም አይተውህም። አብራችሁ መኖርን ልመዱ» አለኝ። የተጣሉ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ እኮ ነው የሚመስለው።

ለመድን እንግዲህ። ጠዋት ከአልጋ እንደ ሰው ብድግ ማለት ቀረ፤ መጀመሪያ በጎኔ እዞራለሁ፣ እግሬን አወርዳለሁ፣ ከዚያ በክንዴ ተደግፌ ቀስ ብዬ እነሳለሁ። ጥቂት ሰፍቼ እስከ ሻይ ቤቱ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ደንበኛ ቢቆጣም ይቆጣ። ማታ ማታ ሚስቴ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ከወገቤ ሥር ታደርግልኛለች። እያገላበጠችኝም «ስታገባኝ ቀጥ ያልክ ነበርክ፤ ሸውደኸኛል» ትለኛለች። እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?

አንድ ነገር ግን መልመድ አቃተኝ፤ መስጊድ ውስጥ ወንበር ላይ መስገድ። ጎንበስ ስል ሕመሙ እስከ ተረከዜ ስለሚወርድ፣ ገና ሽበት ሳላወጣ ከሽማግሌዎቹ ጋር በሰጋጆች ረድፍ ጫፍ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተሰየምኩ። ሰው ሁሉ ግንባሩን ምንጣፍ ሊያስነካ ሱጁድ ሲወርድ እኔ አንገቴን ደፍቼ ጀርባቸውን አያለሁ። እንዴት እንደሚያናድድ!

ያስቻለኝ ከጎኔ የሚቀመጡት አዴር ናቸው። አዴር አጎት ማለት ነው፤ እዚህ ሽማግሌን ሁሉ እንዲያ ነው የምንጠራው። በወጣትነታቸው ከጅግጅጋ ድሬዳዋ የጭነት መኪና ሲነዱ ወገባቸውን ለመንገዱ ገብረው፣ በምትኩ አማርኛ ይዘው የተመለሱ ሰው ናቸው። ገና ከበር ሲያዩኝ «ና፣ የጡረታ ወንበርህን ይዤልሃለሁ!» ይሉኛል። ከሰላምታ በፊት ደግሞ ወደ ወገቤ እያዩ «እሱ እንዴት አደረ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔም የእሳቸውን እጠይቃለሁ። ከዚያ ተያይዘን እናማርራለን፣ ደስ ይለናል።

በዚህ መሃል ሀገር ቤት፣ ወሎ የቀረችው እናቴ ሞተች። ስልኩ እንደመጣ ሚስቴ ቦርሳዬን አዘጋጀችልኝ፣ ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። ገና ከሐርጌሳ ሳንወጣ እግሬ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀኝ። ሹፌሩን «አውርደኝ» አልኩት። የሀገሬን ድንበር እንኳ ሳላይ ተመለስኩ። እናቴን አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ምኞት ብቻ ያዘኝ፤ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ለእሷ ዱዓ ማድረግ። ሰው ለጌታው እንደ ሱጁድ የሚቀርብበት የለም ሲባል ነው ያደግኩት። የወንበር ዱዓ አይደርስም አልልም፣ አላህ ያውቃል። ልቤ ግን እሺ አላለኝም።

አንድ ቀን ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ተሰግዶ አብዛኛው ሰው ሲወጣ ከምሰሶው ኋላ ሄጄ ብቻዬን ሱና፣ ትርፉን ሶላት፣ ልሰግድ ቆምኩ። ምግብ ቀምሼ ማስታገሻዬን ውጫለሁ። ምሰሶውን ተደግፌ በጉልበቴ ወረድኩ፣ ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። አልሐምዱሊላህ ከማለቴ ወገቤ ቋ አለ።

አለቀ። ወደ ላይም የለም፣ ወደ ጎንም የለም። ለእናቴ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ፤ ከአፌ የወጣው «ያ አላህ፣ ወገቤን!» ብቻ ነው። እዚያ ድረስ ወርጄ ለራሴ! አለቀስኩ፤ ከሕመሙ ይልቅ ንዴቱ ነው ያስለቀሰኝ።

ወደ ኋላ ቀርተው ቁርአን ያነቡ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ደግሞ ልቅሶዬን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዱ እንዳይሞቀኝ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረልኝ። ሌላው «ማሻአላህ፣ ምን ያለ ሱጁድ ነው!» ሲል ሰማሁት። እንዲህ ሲያከብሩኝ እንዴት ብዬ «ኧረ አንሱኝ» ልበል?

አዴር ግን ከወንበራቸው ሆነው የእግሬ ጣቶች ሲንቀጠቀጡ አዩ። ምርኩዛቸውን እያንኳኩ መጥተው ከራሴ በላይ ቆሙ።

«ወንድሜ፣ ተይዘሃል አይደል?»

«ተይዣለሁ፣ አዴር። ሰው ይጥሩልኝ።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለእናትህ ነው የወረድከው?» አሉኝ።

«ለእሷ ነው» አልኳቸው። ምርኩዙ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። እኒያ ከስንት ዘመን ወዲህ ከወንበር ዝቅ ብለው የማያውቁ ሰውዬ ምሰሶውን አቅፈው፣ «ቢስሚላህ» እያሉና እያቃሰቱ በጉልበታቸው ወረዱ፤ ግንባራቸውንም ከግንባሬ አጠገብ ምንጣፉ ላይ አሳረፉ።

«ሶላትህ ፈርሷል፣ ተናግረሃል» አሉኝ። «ዱዓ ግን በወሬ አይፈርስም። እዚህ ድረስ ወርደህ ባዶህን አትነሳም። በል ለምንላት፤ እኔ አሚን እላለሁ።»

አፈሩን አቅልልላት አልኩ። «አሚን» አሉ። ቀብሯን ሰፊና ብርሃን አድርግላት አልኩ። «አሚን።» ልጅ ሆኜ ሱጁድ ስታስተምረኝ ጭንቅላቴን በመዳፏ ቀስ አድርጋ ዝቅ ታደርገው እንደነበር ለጌታዬ ነገርኩት። አሚን የሚባልበት ባይሆንም አዴር «አሚን» አሉ። ሳልቀብራት መቅረቴን ይቅር እንድትለኝ ለመንኩ፤ ያኔ ሁለታችንም አለቀስን።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ፣ አዴር።»

«በል እንግዲህ ጮክ ብለህ ጥራቸው፤ እኔም ተይዣለሁ።»