ሻዩን ያልጠጣው ሽማግሌ

ዳንግላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በእትዬ ዋጋዬ ቪዲዮ ቤት ሽባባው የሚባል ተርጓሚ ነበር። ተርጓሚ ይባል እንጂ የሚተረጉመው ቋንቋ አልነበረውም። ከእንግሊዝኛ ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተዋል። ቻይንኛውም ቢሆን መንገድ የሚሠሩ ቻይናዎች ካምፕ ዘበኛ ሳለ ከለቃቀማቸው ሰላምታዎችና ስድቦች አያልፍም። ቻይናዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ እሱ ከነዝናው ቀረ። "ሽባባው እኮ ቻይንኛውን ያንበለብለዋል" ተባለ፤ እሱም አላስተባበለም። ማን ሞኝ አለ?

ሥራው እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ከፍ ያለ ዱካ ላይ ይቀመጣል፣ ማይኩን ይይዛል፣ ፊልሙ ሲጀምር እሱም ይጀምራል። ሴቷ ስትናገር ድምፁን ያቀጥናል፣ ወፍራሙ ሰውዬ ሲናገር ያጎረንናል። አክተሩ ነገር ካስረዘመበትና የሚለው ከጠፋው "ይኸ ስድብ ነው፤ ለእናንተ አይነገርም" ብሎ ያልፋል። ሰው ይስቃል፤ በዚያች መሃል ሽባባው ቀጣዩን ውሸት ያሰናዳል።

በ2005 ዓ.ም. ገደማ ያችን ቤት ጢም አድርጎ የሚሞላት አንድ ፊልም ነበር። የሆንግ ኮንግ ማፍያዎች ፊልም ነው። ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ ሰው "ነጭ ኮት" ይለዋል። አክተሩ ነጭ ሱፍ ይለብሳል፣ ሰው ከመምታቱ በፊት ፀጉሩን ያበጥራል፣ ዝናብ እየዘነበ ተኩስ ተከፍቶ እንኳ ሱፉ ላይ ጠብታ አያርፍም። ያን ሰሞን የዳንግላ ጎረምሳ ሁሉ በኪሱ ማበጠሪያ ይዞ ይዞር ጀመር። በክረምቱ ጭቃ ነጭ ሱሪ ለብሶ የወጣም አልጠፋም፤ ሲመለስ ግን ሱሪው ነጭ አልነበረም። ፊልሙ የሚነገርበት የሆንግ ኮንጎች ካንቶንኛ ደግሞ የመንገድ ሠሪዎቹ ቻይንኛ እንኳ አልነበረም፤ ይህን ሽባባው የሰማው በኋላ ነው። ቀድሞ ቢሰማም ያው ነበር።

ከፊልሙ መሃል አንዲት ቦታ አለች። አንድ ሽበታም ሽማግሌ ነጭ ኮቱ ቤት ይመጣል። ነጭ ኮቱ ይንበረከክና ሻይ ቀድቶ በሁለት እጁ ያቀርብለታል። ሽማግሌው ሲኒዋን ያያታል እንጂ አይነካትም። ሽባባው ይህችን ቦታ ሲያይ ነገር መፍጠር እንኳ አላስፈለገውም። በአገሩ ሽማግሌ ሰው ቤት ገብቶ የቀረበለትን አልጠጣም ካለ ምን ማለቱ እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል፤ የመጣሁበት ጉዳይ ካልተፈጸመ እህል ውሃ አልቀምስም ነው። ስለዚህ ማይኩን አስጠግቶ፣ ድምፁን አስረጅቶ፣ "ከወንድምህ ጋር ካልታረቅህ ይኸ ሻይ እርም ይሁንብኝ!" አለ። በቤቱ እንባውን የጠረገም ነበር።

ጋሽ አየነው ልባቸው የተሰረቀው ያን ዕለት ነው። ጋሽ አየነው ከዳንግላ እስከ እንጅባራ የተጣላን በአዊኛም በአማርኛም የሚያስታርቁ፣ ስማቸው የተጠራ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ቪዲዮ ቤቱ ያስገባቸው ዝናብ ነበር። የቻይናውን ሽማግሌ ሲያዩ ግን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው "እሰይ! ለካ ቻይናም ሰው አለው!" አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚይዙት እርቅ ሁሉ ቻይና ሳይነሣበት አያልቅም። በድንበር ባሕር ዛፍ ሰበብ ለዓመታት የተኮራረፉትን ወንድማማቾች፣ ክንዴንና አበረን፣ ያስታረቁት "እናንተ ከቻይና ትብሳላችሁ?" ብለው ነው።

ለሽባባው ይህ ኩራትም ሥጋትም ነበር፤ የጋሽ አየነውን ልጅ ማናለብሽን ይወዳላ። እሷም ትወደዋለች። ሽማግሌ ልኮ ሁለት ጊዜ በቀጠሮ ተመልሰውለታል፤ ቁርጡ የሚነገረው በሦስተኛው ቀጠሮ፣ እሑድ ነው። አባትየው ደኻ አማች ግድ አይሰጣቸውም፤ ውሸታም ግን ደጃቸውን እንዲረግጥ አይፈልጉም። እውነቱን የምታውቀው ማናለብሽ ብቻ ነበረች። "ከሌላ ሳይሰማው ራስህ ንገረው" ትለዋለች። "እነግረዋለሁ" ይላል፤ ሰኞ ያልፋል፣ ማክሰኞም ያልፋል።

እሑድ ሲቃረብ ለከተማው ሲዲ መሸጫ አዲስ ዕቃ ገባ። "ነጭ ኮት" አዲስ አበባ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአማርኛ ተተርጉሞ በዲቪዲ ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ ሰውዬው ፀጉሩን እያበጠረ ቆሟል፤ ከሥሩ "በጥራት የተተረጎመ" ይላል። "በጥራት" የምትለዋን እንዳነበበ ሽባባው ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሮጠ። እትዬ ዋጋዬ ዘንድ ሲደርስ ዲቪዲው እጇ ላይ ነው።

"እትዬ፣ ስለ ማርያም፣ እሑድ ይለፍና ያሳዩት!"

"ማስታወቂያ ለጥፌ? ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሰው ይመጣል። ደሞስ ምን ያስፈራሃል? አንተ ያልከውን አይደል የሚደግሙት?"

"እንግዲህ..." አለ ሽባባው።

እትዬ ዋጋዬ ፊቱን አየችና ገባት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ጉድህ ፈላ!" አለችው፤ ቀኑን ግን አልቀየረችም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ አየነው ሁለት ሽማግሌ ባልንጀሮቻቸውን አስከትለው መጡ። "የቻይናውን አስታራቂ ላሳያችሁ" ብለው ፊት ወንበር ላይ ተደረደሩ። ሽባባው ያን ዕለት ማይኩን ትቶ በሩ ጋ ትኬት ይቆርጣል። ፊልሙ ጀመረ። ሽባባው ወንድም ያለው ጠላት ሆኖ ተገኘ፤ እኅት ያላት ሚስት ሆነች። በእያንዳንዱ ነገር የቤቱ ሰው ዞር እያለ ያየዋል። መብራት እንዲጠፋ ተሳለ። በሌላ ቀን ሳይለመን የሚጠፋው መብራት ያን ዕለት ጸንቶ በራ።

ሻዩ ቀረበ። ሽማግሌው ሲኒዋን አየ። ከዚያም ጥርት ባለ አማርኛ፣ "ሻይህን አልጠጣም። ሻይ የምጠጣው በሕይወት ከሚቆይ ሰው ጋር ነው" አለና ወደ ሰዎቹ ዞረ፤ "ሳይነጋ ግደሉት።"

 አንዱ ጎረምሳ "ጋሽ አየነው፣ አስታራቂው ይኸ ነው?" ቢል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ አየነው ዘንጋቸውን አነሡ፤ ሽባባውን እንደ በሩ መቃን አልፈውት ወጡ። ስድብ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ እሑድ ሽባባው ለሽምግልና የላካቸውን ሽማግሌዎች "ቅሩ፣ አታፍሩብኝ" ብሎ ለመናቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ባንተአምላክ ግን "ቀጠሮ ቀጠሮ ነው" ብለው መንገድ ጀመሩ። ሽባባው ተከትሏቸው ሄዶ ከጋሽ አየነው ጎረቤት አጥር ሥር ተቀመጠ። በአንድ ፊልም ልጅቱን ሊያጣ ነው፤ ያውም ባልሠራው ፊልም። ማናለብሽ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አየችው።

"ጋሼ ምን አሉ?" አላት።

"ከትናንት ጀምሮ አፉን አልከፈተም። ጠዋት ብቻ እነክንዴ ዘንድ ደርሶ ተመልሷል።"

ብዙም ሳይቆይ ከግቢው "ተርጓሚውን ጥሩልኝ!" የሚል የጋሽ አየነው ድምፅ ተሰማ። ልጅ ሲጠየቅ ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይቀርብም፤ ሽባባው ግን እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ገባ። ሽማግሌዎቹ ፊት ጠላ ተቀድቷል፤ ማንም አልነካውም።

"ና እስቲ፣ ሥራ አለህ" አሉ ጋሽ አየነው። "ጠላ ብቀዳላቸው አንጠጣም አሉኝ። አስታራቂ ነው ያልከኝ ሰውዬ ገዳይ ሆኖ አረፈው። እነዚህስ? ሊያስገድሉኝ ነው?"

ሽባባው ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። "ጋሼ፣ እኔ ቻይንኛ አላውቅም። ሰውዬውን ያየሁት በአገሬ ሽማግሌ ዐይን ነው፤ እርስዎን መስሎኝ ነው። ይኸን ግን አውቃለሁ። ማናለብሽን ካልሰጡን አንጠጣም ማለታቸው ነው።"

 ጋሽ አየነው ጢማቸውን እያሻሹ፣ "ስረግምህ ነው ያደርሁት" አሉት። "ጠዋት እነክንዴ ዘንድ ሄድኩ። ቻይናው ውሸት ነበር፣ እርቁን እናፍርስ ብትሉ አልቀየምም አልኳቸው። አበረ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ጋሼ፣ እኛ የታረቅነው ከቻይናው ጋር ነው እንዴ?'"

አቶ ባንተአምላክ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሽ አየነውም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። "በል፣ አንድ ነገር ተርጉምልኝና ከዚህ ሥራ ትወጣለህ" አሉ።

"ምን ልተርጉም ጋሼ?"

"ጠጡ በላቸው።"

ሽባባው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። አፉን ከፈተ። ያ በማያውቀው ቋንቋ ሁሉ ሲንበለበል የኖረ ሰው በገዛ አማርኛው አንዲት ቃል አጣ፤ እንባው ብቻ መጣ። ከጓዳ በኩል ማናለብሽ ትዕግሥቷ አለቀ።

"አባባ 'ጠጡ' እያለ ነው!" ብላ ተረጎመች።