አባቴ ከክፍሉ የወጣበት ዓመት

አባቴ ኦስሎ ውስጥ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። በሰፈራችን በግሮሩድ የማያውቀው ሰው ስላልነበር፣ ልጅ ሳለሁ እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ስሳፈር እኮራ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ስትሮክ መታው። ከሆስፒታል ሲመለስ ግራ እጁ አይታዘዘውም፣ ንግግሩም ይኮላተፋል።

ቤታችን ባንድ ጊዜ ተገለባበጠ። በአረጋውያን መንከባከቢያ ግማሽ ቀን ትሠራ የነበረችው እናቴ ሙሉ ቀን ጀመረች። ደብዳቤ ማንበቡ፣ ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ ጋ መደወሉ፣ ቀጠሮ መያዙ የኔ ሥራ ሆነ። ለመውጣት ለመግባት አባቴን አስፈቅድ የነበርኩት ልጅ፣ መድኃኒቱን መዋጡን የምቆጣጠር ሆንኩ። ይህ እሱን አሳፈረው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁት ሲመጡ ተኝቷል በሏቸው ይለን ጀመር። ቀስ በቀስም ከክፍሉ መውጣት ተወ።

መጀመሪያ ምግቡን ይዤለት ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አጫውተው ነበር። የሚለው አልገባኝ ሲል ግን ሰለቸኝ። የሰማሁ መስዬ በኖርዌይኛ “ያ፣ ያ”፣ አዎ አዎ እላለሁ። ውሎ አድሮ ሳህኑን አስቀምጬ መውጣት አመጣሁ። ከእናቴ ጋር አጠገቡ ቆመን “በላ? ተኛ?” እንባባላለን፣ እሱ እዚያ የሌለ ይመስል። አንድ ቀን የክፍሌ ልጅ እቤት ስትመጣ፣ እንዳታየው ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በዚያ ክረምት በኖርዌይኛ ክፍለ ጊዜ አንድ የታወቀ የድሮ ልብ ወለድ አነበብን። ሠርቶ ቤተሰቡን የሚያኖር ወጣት በድንገት እንደ ጥንዚዛ ወዳለ ግዙፍ ፍጡር ይለወጣል። ቤተሰቡ መጀመሪያ ያዝኑለታል፣ በኋላ ያፍሩበታል። ምግብ የምታቀርብለት እህቱ ነበረች፤ በመጨረሻ ይወገድልን የምትለውም እሷው ናት። አስተማሪያችን በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለወጠው ማነው ብላ ጠየቀች። ሁሉም ሰውዬው ነው አሉ። አንዲት ልጅ ብቻ እህቱ ናት ስትል አንገቴን ደፋሁ። ስለዚሁ ድርሰት ጽፋችሁ ኑ ተባልን።

እቤት ገብቼ ምግቡን ሳስገባለት አባቴ ፊቴን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የምጽፈው ድርሰት አለ አልኩት። ስለምን? አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ታሪኩን በአማርኛ ነገርኩት። አማርኛዬ መሀል ላይ አለቀብኝ። የሰውዬው ጀርባ ጠንካራ እንደሆነ ለመንገር ቃሉ ጠፍቶኝ በእጄ ሳሳየው አፉን አስተካክሎ “ቅርፊት” አለኝ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

“ሲያወራ ይሰሙታል?” አለ።

“አይ፣ ድምፁ አይገባቸውም።”

“እሱስ? እነሱን ይሰማቸዋል?”

“ሁሉንም ይሰማል፣ አባዬ” ስል እንባዬ መጣ። ይቅር በለኝ አልኩት።

ደህናውን እጁን ራሴ ላይ አደረገ። “ልጅቷ ላይ አትፍረጂ። ልጅ ናት፣ ከብዷት ነው” አለ። ከዚያም ጨመረ፦ “እኔም በሬን ዘግቼባችኋለሁ።”

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጥ ቤት ቆሞ አገኘሁት። ሽንኩርቱን ያዥልኝ አለኝ። እኔ ስይዝ እሱ በቀኝ እጁ ሲከትፍ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። እናቴ መጥታ ስታየው ደነገጠች፤ ትወድቃለህ፣ ተቀመጥ አለችው። አልተቀመጠም። የመጀመሪያው ምስር ወጥ ጨው በዝቶበት በውሃ እያወራረድን በላነው። ከዚያ ወዲህ ግን ምግብ ማብሰሉ የሱ ሆነ። ግሮንላንድ የሚባለው የኦስሎ ሰፈር ሄጄ በርበሬና ምስር ስገዛ ስልክ ይደውልልኛል፤ በስልክም የሚለውን መስማት ለመድኩ።

አውቶቡስ ዳግመኛ አልነዳም። ሕመሙን አመስግኜው አላውቅም። ግን ያቺን አስተማሪ፣ ስሟ የጠፋኝን፣ እህቱ ናት ያለችውን ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥፋቴን በሌላ ልጅ በኩል ይቅር ያለኝን አባቴን አመሰግናለሁ። የድርሰቱን ውጤት ረስቼዋለሁ።

ወጥ ቤቱን መልቀቅ የከበዳት እናቴን ነበር። ብዙ ቀን ድስቱን ከእጁ ልትቀበለው ትታገል ነበር። አንድ ምሽት ግን ከሥራ ደክሟት ገብታ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባቴ በአንድ እጁ ሳህኑን አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠላት።

“ስንቱን ሳጎርስ እውላለሁ” አለች ቀስ ብላ፣ “እቤቴ ሰው አቅርቦልኝ በልቼ አላውቅም።”

እሱ፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪ አላት። በላች። ስትጨርስ ሳህኑን ላነሳ ብድግ ስል፣ አባቴ እኔንም ተቀመጪ ብሎኝ ለኔም ሊጨልፍልኝ ሄደ።