ሽቦው ተጠምጥሞ እስኪያልቅ

ይህ የሆነው አምና ሰኔ ላይ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ቤታችን ውስጥ ነው። ልጄ ድክ ድክ ስትል ባየሁ ቁጥር ያ ከሰዓት በኋላ ትዝ ይለኛል።

ባሌ ይበልጣል ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ አመል አለበት፤ እንደ ድሮ ሬዲዮ አምፖል በሚመስል ቫልቭ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ ይሠራል። መከራው ድምፁን ለስፒከሩ የሚያስተላልፈው ትራንስፎርመር ነው። የሚገዛ ስላጣ ራሱ አስልቶ ራሱ ይጠመጥማል። ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና በሠራው መጠምጠሚያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ እያዞረ፣ ዙሩን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ዙሩ ከተሳሳተ ድምፁ ይበላሻል ባይ ነው።

አንድ ጊዜ "ምሳ ላቅርብ?" ብዬው ቁጥሩ ጠፋበት። አልተቆጣም። ዝም ብሎ ሽቦውን በሙሉ ፈታው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲቆጥር እኔ ትንፍሽ አልልም።

የዚያን ዕለት መብራት ስለጠፋ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ይጠመጥማል። እኔ እርጉዝ ነኝ፤ ቀኔ ግን ገና መስሎኛል። ወገቤን ይቆርጠኝ ጀመር። ተነሣሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ደጅ ወጣሁ፣ ተመለስሁ። መጀመሪያ ምጡ ሄዶ እስኪመለስ እሱ ብዙ መቶ ይቆጥር ነበር፤ ኋላ መቶ ሳይሞላ ይመለስብኝ ጀመር። በእጄ ምልክት ብሰጠው ቀና ሳይል ራሱን ነቀነቀ። የቀረው ትንሽ ነው፣ ይጨርስ ብዬ የበሩን መቃን ይዤ ከንፈሬን ነከስሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘውዲቱ ወንፊት ሊዋሱ ገቡ።

"እንዴት ዋላችሁ?"

ይበልጣል መቁጠሩን ቀጠለ። እሳቸው እኔን አዩኝና "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉኝ። ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። ምን እንደነካኝ እግዜር ይወቀው።

እትዬ ዘውዲቱ ወረቀት የሚቆርጥበትን መቀስ ከጠረጴዛው አንሥተው ሽቦውን ቆረጡት።

"በል አንት ልጅ፣ ሚስትህ ልትወልድ ነው። ባጃጅም ሆነ ጋሪ ጥራ።"

ይበልጣል የተቆረጠውን ጫፍ አየ፤ ከዚያ እኔን። እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ባጃጅ አጥቶ የፈረስ ጋሪ ይዞ መጣ።

ሆስፒታል እንደደረስን ወለድሁ። ልጄ ግን አላለቀሰችም። አዋላጇ ይዛት ወደ ጥግ ሄደች። ጀርባዋን ብቻ እያየሁ፣ ጆሮዬን አቁሜ፣ ምንም አልሰማም። እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። በመጨረሻ ልጄ ጮኸች።

"ምነው እስካሁን ቆያችሁ?" አለችኝ አዋላጇ።

አምፕሊፋየሩ ኋላ ተሠርቶ አለቀ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ይበልጣልን አልተቀየምሁትም፤ ያልተናገርሁት እኔ ነኝ። በራሴ ግን አሁንም እበግናለሁ።

ዛሬም ሌላ ይጠመጥማል። መቁጠር ሲጀምር መቀመጫ አጣለሁ፤ ምንም ሳልፈልግ፣ ይሰማኝ እንደሆን ብቻ ለማየት፣ ስሙን እጠራዋለሁ። እጁን ከመጠምጠሚያው አንሥቶ "ወዬ" ይለኛል።

"ምንም" እለዋለሁ።

ሽቦውን ይፈታና እንደገና ከአንድ ይጀምራል።