የወይዘሮ የሺ ቁም ሳጥን

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ አየር ጤና ላይ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። አጠገቤ አንዲት ወጣት ስልኳን ማቆሚያ ላይ ሰክታ፣ ከፌስታል ያወጣችውን የቆዳ ጃኬት ደርባ፣ ለስልኳ ታወራለች። «ኦሪጅናል ቪንቴጅ ነው፤ በረጅም ጉርድ ብትለብሱት ያምራል፣ በጂንስም ይሄዳል፤ የፈለገች በውስጥ መስመር ታውራኝ» ትላለች። ድምፅዋ እንደ በዓል ዋዜማ የሞቀ ነው። ቀረጻውን ስትጨርስ ግን ፊቷ ወዲያው ወረደ። ጃኬቱን አውልቃ አጣጠፈችና ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ያንን ድካም የትም ባየው አልስተውም። አንድ ሁለት ቃል ላናግራት ፈልጌ ነበር፤ ታክሲዬ መጣና ሳላናግራት ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ ግን የማስበው ስለ አስኮው ቤትና ስለ ወይዘሮ የሺ ልብሶች ሆነ።

ያኔ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። ሳንሱሲ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ያለች ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ነበር፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ሰልችቶኝ ነው ልብስ ውስጥ የገባሁት። ከሰልባጅ የገዛሁትን አንድ የሱፍ ኮት ለብሼ ፎቶ ብለጥፍ «ከየት ነው?» የሚለኝ ሰው በዛ። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩና «የድሮ ቄንጥ» አልኩት። ሱቄ እሱ ነበር። በር የለው፣ መደርደሪያ የለው፤ መጋዘኑ አልጋዬ ሥር ነው።

ሰው ፎቶውን ብቻ ነው የሚያየው። የሰልባጁ ቦንዳ ሲፈታ ለመድረስ በጠዋት መነሳቱን፣ ከክምሩ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሻማቱን፣ ሳፋ ውስጥ መዘፍዘፉንና ማሸቱን፣ የጠፋ ቁልፍ ፈልጎ መትከሉን፣ ልተኩስ ስል መብራት መጥፋቱን ማን ያያል? በክረምት ደግሞ ምንም አይደርቅም። ከአልጋዬ በላይ ገመድ ወጥሬ የሰው አገር ሸሚዞች ፊቴ ላይ እየተንጠባጠቡ እተኛ ነበር። እጄ ከሳሙና ብዛት ተላልጦ ሎሚ ስነካ ያቃጥለኛል። ደንበኞች ደግሞ አሉ። «መንገድ ላይ ነኝ» ብለውኝ ቤቴል ፌርማታ ላይ ፌስታሌን አቅፌ ስገተር ስልካቸውን የሚዘጉ።

የምወደው ማልበሱን ነበር። አንድን ልብስ ከምን ጋር ባደርገው ነፍስ ይዘራል ብሎ ማሰብ። የወንድ ኮት በሐበሻ ቀሚስ ላይ፣ የእናቴ ሻርፕ በወታደር ሸሚዝ አንገት ላይ። የምለብሰውም የማነሳውም ራሴ ነኝ። የጎረቤታችን ሰማያዊ ግድግዳ ፊት ቆሜ፣ ስልኬን ድንጋይ ላይ አስደግፌ። እዚያ ላይ ስቆም ለጥቂት ጊዜ ድካሙ ይለቀኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሰብለ የምትባል ሴት ጻፈችልኝ። «የእናቴ ልብሶች አሉ፤ የድሮ ናቸው ግን በደንብ የተያዙ። አባቴ እኔ ጋ ሊጠቃለል ስለሆነ ቤቱን እያስለቀቅኩ ነው። መጥተሽ ታዪያቸዋለሽ?» ቤቱ አስኮ ነበር።

ከታክሲ ወርጄ ጭቃውን እየዘለልኩ ሄድኩ። መንገዱ ዳር ሴቶች በቆሎ ይጠብሳሉ፤ አንድ ገዝቼ እየፈለፈልኩ ነው ግቢውን ያገኘሁት። ኮባ ያለበት ጠባብ ግቢ ነው። ሰብለ በር ከፈተችልኝ። ከእኔ ዐሥር ዓመት ገደማ የምትበልጥ፣ ፊቷ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው መልክ ያለባት ሴት ናት። አባቷ አቶ አሰፋ ሳሎን ውስጥ፣ ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጠዋል። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ሹራባቸው እስከ አንገት ተቆልፏል።

«አንቺ ነሽ ልብስ የምትነግጂው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«የሞተ ሰው ልብስ ማን ይገዛል?»

«ልጆች ይገዛሉ፤ እንዲህ ያለ ስፌት አሁን አይገኝም» አልኳቸው። 

ቁም ሳጥኑ ሲከፈት የናፍታሌን ሽታ ወጣ። የሰብለ እናት ወይዘሮ የሺ በሕይወት ሳሉ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። በየወሩ ሌላው ሰው ለሌላ ነገር የሚያወጣውን እሳቸው ለልክ ሰፊ ያወጡ ነበር፤ ሰብለ ናት ይህን የነገረችኝ። ወገቡ የጠበበ አረንጓዴ ቀሚስ፣ አንገቱ ሰፊ የሆነ ግራጫ ኮት፣ ሽንሽን ጉርዶች፣ ገበራቸው ሳይቀር በእጅ የተሰፋ። ከብዙ ቦንዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ አላውቅም። ድካሜን ረስቼ አንድ በአንድ አልጋው ላይ መዘርጋት ጀመርኩ።

አረንጓዴውን ለብሼ፣ ሰፊ ጥቁር ቀበቶ አስሬበት፣ ግቢው ውስጥ ፎቶ ልነሳ ስወጣ አቶ አሰፋ በረንዳው ላይ ወጥተው ቆሙ።

«ቀበቶ አታደርግበትም ነበር» አሉ።

«ማን አባባ?»

«የሺ ናት እንጂ። ቀበቶ ያስጨንቀኛል ትላለች። ከላይ ነጭ ሹራብ ጣል ታደርግበታለች፣ እጅጌውን ሳታጠልቅ።»

ቀበቶውን ፈታሁ። ነጩን ሹራብ ከቁም ሳጥኑ አገኘሁትና እንዳሉት ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። እውነታቸውን ነበር፤ ልብሱ ቦታውን አገኘ። ከዚያ በኋላ ወንበር አስመጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ግራጫውን ኮት ሳወጣ «በቡኒ ጫማ» ይላሉ። ሽንሽኑን ሳወጣ «እሱ የእሁድ ነው፤ ሻርፑ አብሮ መኖር አለበት» ይላሉ። ሰብለ ካርቶን እያሰረች ትወጣለች፣ ትገባለች። አባቷን ቀና ብላ አታያቸውም። ሲያወሩም ለእኔ እንጂ ለእርሷ አያወሩም።

ምሳ ሰዓት ላይ አቶ አሰፋ ራሳቸው ፍርፍር ሠርተው አቀረቡ። ከሚስታቸው ሞት በኋላ የተማሩት መሆኑ ያስታውቃል፤ በርበሬው በዝቷል። ሰብለ ሁለት ጉርሻ በልታ ተነሳች። ሳህን ለማቀበል ተከትያት ወጥ ቤት ስገባ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። የምታገባው ሰው ቀደም ሲል አግብቶ የፈታ፣ ልጅም ያለው በመሆኑ ቤተሰቧ አልፈቀደም ነበር። ሰርጓ ላይ ከቤቷ ማንም አልመጣም። በኋላ ልጅ ሲወለድ በሽማግሌ ታረቁ፣ ክርስትናው ላይ ተገናኙ፣ ሰላምታውም ተመለሰ።

«ግን እማዬ ለምን እንደቀረች ጠይቄያት አላውቅም» አለች። «ከአባዬስ አልጠበቅኩም። እሷ ግን እናቴ ናት። ዓይኔ በሩ ላይ ነበር የዋለው። ሳልጠይቃት ሞተች።»

ሳህኑን አቀበልኳት። የመጣሁት ልብስ ልወስድ ነው። እግሬ ዝሏል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሳይዘንብ ታክሲ መያዝ እፈልጋለሁ።

ወደ መኝታ ቤቱ ተመልሼ የመጨረሻዎቹን ሳወርድ፣ ከኮቶቹ ኋላ፣ በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ አንድ ቀሚስ ተሰቅሎ አየሁ። ፈታሁት። ወይን ጠጅ ቀለም ሳቲን፣ ላዩ ላይ ትንንሽ ቅጠል ያለው፣ እጅጌው እስከ ክርን። ብብቱን አየሁ፣ ጫፉን አየሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልተለበሰም። ይዤው ወደ በረንዳ ወጣሁ።

«ይሄስ አባባ? ይሄን በምን ነበር የሚለብሱት?»

አቶ አሰፋ ትኩር ብለው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠርገው እንደገና አዩት።

«ይሄን አላውቀውም» አሉ። «የሷ አይደለም።»

«ከሷ ልብሶች ጋር ነው የተሰቀለው።»

«አላውቀውም አልኩሽ።»

ሰብለ ካርቶን ተሸክማ ስትወጣ ቀሚሱን አየችና ባለችበት ቆመች። ካርቶኑን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። መጥታ ጨርቁን በጣቶቿ ያዘችው።

«የሚዜዎቼ ጨርቅ ነው» አለች። «መርካቶ ሄደን የመረጥነው። ይሄው ቅጠሉ።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ አባቷ።

«ሰርጌ ላይ ሚዜዎቼ የለበሱት ነው አባዬ። እማዬ ጨርቁን ከአንዷ ጠይቃ ገዝታለች። አሰፍታለች።»

 ጎረቤት ግቢ ውስጥ የሚፈጭ ነገር ነበር፤ የወፍጮው ድምፅ ብቻ ይሰማል። እኔ ቀሚሱን በመስቀያው እንደያዝኩ መሃላቸው ቆሜያለሁ፤ ላስቀምጠው ወይስ ልያዘው እንኳ አላወቅኩም።

አቶ አሰፋ ግቢውን እያዩ መናገር ጀመሩ። «የዚያን ዕለት ጠዋት ጸጉሯን ተሠርታ መጣች። እኔ እዚሁ ተቀምጬ ነበር። ‹አሰፋ፣ እንሂድ?› አለችኝ። ‹የት?› አልኳት። የት እንደሆነ አውቅ ነበር። አየችኝ፣ አየችኝና ሌላ ምንም አላለችም። ሽንኩርት ልትከትፍ ገባች።»

«አልነገርከኝም» አለች ሰብለ።

«አልነገርኩሽም። እሷም አልነገረችሽም?»

«አልነገረችኝም።»

«እኔን ላለማሳጣት ነው» አሉ። ድምፃቸው ወረደ። «የቀረችው በእኔ ነው። ልብስ ማሰፋቷን ግን አላወቅኩም። ይሄን አላወቅኩም።»

ሰብለ ወደ ኮባው ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። እያለቀሰች እንደሆነ ከኋላ አይለይም ነበር። ላጽናናት ብል ከእኔ የሚሆን አልመሰለኝም። ቀሚሱን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። አቶ አሰፋ ተከተሉኝ፤ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመው ቀሚሱን አልጋው ላይ ሳሳርፈው ያያሉ።

«ይሄን በምን እንደምትለብሰው እኔ አላውቅም» አሉኝ። «አንቺ ሥራሽ ነው። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ቀኑን ሙሉ ሲያርሙኝ ዋሉ፤ አሁን ግን ይጠይቁኛል። ከመሳቢያው ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣሁ። ደማቅ ነገር አልፈለግኩበትም። አጭር ተረከዝ ያለው ጥቁር ጫማ፣ ትንሽ ጥቁር ቦርሳ፣ ነጭ የአንገት ዶቃ። ነጠላውን በአንድ ትከሻ። የሙሽራ እናት ብዙ እንደምትቆም፣ እንግዳ እንደምትቀበል፣ ጎንበስ ቀና እንደምትል እያሰብኩ ነው ያዘጋጀሁት። ጨርሼ ቀና ስል ሰብለ አባቷ ጎን ቆማለች።

«ልበሺው» አሏት አቶ አሰፋ።

«አይሆነኝም አባዬ፤ እሷ ቀጭን ነበረች።»

«እስቲ ልበሺው።»

እኔ አለበስኳት። ትከሻው ሆነላት፣ ርዝመቱም ሆነ፤ ዚፑ ግን ከወገቧ በላይ አልሄድ አለ። ጀርባዋን በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። ዶቃውን አሰርኩላት። ስንወጣ አቶ አሰፋ በረንዳው ላይ የሉም። ጥቂት ቆይተው መጡ፤ ሹራቡን አውልቀው ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል። ልብሱ ሰፍቷቸዋል። ሰብለ ስታያቸው አፏን በእጇ ያዘች።

«አንሺን» አሉኝ።

ሰማያዊ ግድግዳ አልነበረም፤ ጥግ ላይ የተከመረ ካርቶን አለ፣ ብርሃኑ መጥፎ ነው። እንዲቀራረቡ አልነገርኳቸውም። ሳይሳሳቁ ጎን ለጎን ቆሙ። ላነሳቸው ስል አቶ አሰፋ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸው እጅጌ ላይ የተጨማደደውን በመዳፋቸው አስተካከሉ፤ ደግመው አስተካከሉ፤ ከዚያ እጃቸውን እዚያው ተዉት። እሷም አላነሳችውም። ያኔ ነው ያነሳኋቸው።

ዝናቡ ያዘኝ። ሌሎቹን ልብሶች በላስቲክ ጠቅልዬ፣ አስኮ ፌርማታ ላይ እየበሰበስኩ ታክሲ ጠበቅኩ።

ልብሶቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ባንክ የምትሠራ የቤቴል ልጅ አረንጓዴውን ወሰደች፣ ግራጫው ኮት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሄደ። አንዱ በሄደ ቁጥር አቶ አሰፋ ከሰብለ ቤት ይደውሉልኝ ነበር። «ማን ወሰደችው? ምን ዓይነት ልጅ ናት? በምን ልትለብሰው ነው?» ይሉኛል። እኔም የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ የማላውቀውን ደግሞ ከደንበኛዋ ጠይቄ መልሼ እደውላለሁ። ወይን ጠጁን ሰብለ አስቀረችው። ጀርባውን አስፍታ የልጇ ትምህርት ቤት በዓል ላይ እንደለበሰችው ነገረችኝ። ከአባቷ ጋር ስለ ሰርጉ ዳግመኛ አላወሩም። ግን «ማታ ማታ አጠገቤ ይቀመጣል» አለችኝ፤ «ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

አቶ አሰፋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። እኔም ቻናሉን ዘጋሁት። ተጣልቼ ወይም ከስሬ አይደለም፤ አንድ ቀን ጠዋት ሳፋውን አየሁትና እጄ እምቢ አለኝ። ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሂሳብ ክፍል ሥራ አገኘሁ፤ እስካሁን እዚያው ነኝ። ያኔ ቢነግሩኝ የማላምነው ነገር ቢኖር ወንበር ላይ ተቀምጦም ይህን ያህል እንደሚደከም ነው።

አንዳንድ ማለዳ፣ ምንም በዓል በሌለበት፣ ተራ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ቁም ሳጥኔን ከፍቼ ካለኝ ሁሉ የሚያምረውን፣ ሳይለበስ እንዳይቀር፣ አወጣና እለብሳለሁ። ጭቃም ቢሆን፣ ታክሲው ቢጨናነቅም። ቢሮ ስገባ ሴቶቹ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «ዛሬ ደግሞ ምን አለ?» ይሉኛል።

«ምንም የለም» እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ምንም የለም። ወንበሬን ስቤ እቀመጥና ሥራዬን እጀምራለሁ።