ደለበ ያሉት ልጄ

ልጄ መኳንንት ከድብ ባሕር እህል ጭኖ ጎንደር ቁስቋም ቤቴ ሲገባ እግሩን የማጥበው እኔ ነኝ። ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ልጅ የእናቱን እግር ያጥባል እንጂ እናት የልጇን አታጥብም። ትናንትም ምራቴ ውሃውን አሙቃ ስታመጣ ጣሳውን ተቀበልኋት።

«እትዬ፣ ምነው እኔ እያለሁ? ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?» አለችኝ።

«ተያት፤» አላት እሱ እየሳቀ። «እማዬ እግሬን ልታጥብ አይደለም፣ ልትጫነው ነው።»

እውነቱን ነው። አቧራውን ካጠብሁለት በኋላ የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ እለቅቃለሁ። ሥጋው ወዲያው ሲመለስ ትንፋሼም አብሮ ይመለሳል። ጢም ያወጣ፣ ኩንታል በትከሻው የሚያነሳ ሰው ነው፤ እኔ ግን ዛሬም እፈራለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አንባቢ ይለፈኝ፤ ነገሩን ግን አልረሳሁትም።

ጣሊያን ከወጣ ስንት ክረምት አልፎ ነበር። እኔ ያኔ ከድብ ባሕር በላይ ካለች መንደር የምኖር ልጅ እግር ሚስት ነኝ። መኳንንት መራመድ እንደጀመረ ሌላ አረገዝሁና ጡት አስጣልሁት፤ የእርጉዝ ጡት ልጅ ያሳምማል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ላሚቱ ነጥፋለች። ዶሮዎቹ የሚጥሉት እንቁላል ወደ ዛሪማ ገበያ ይሄዳል። ልጁ ግን አልተራበም! የገብስ አጥሚት፣ በውሃ የራሰ እንጀራ፣ ትኩስ ቂጣ ጠዋት ማታ ይቀርብለታል። መኸር ሲገባ ጉንጩ ሞላ፣ እግሩ ድብልብል አለ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሸጋ ልጅ! እንዴት ደልቦልሻል!» ሲለኝ፣ ዓይን እንዳይበላው ነጠላዬን እጥልበት ነበር።

አንድ ቀን ከአውድማው ጭድ ውስጥ አንስቼ እግሩን ሳጥበው፣ አውራ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ልክ ሊጥ ላይ ጣት ሲጫኑ እንደሚቀረው። ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም። ሌላኛውን እግር ጫንሁ፤ እሱም ጎደጎደ። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ልጄን አየሁት፤ ለካ እስከዚያ ቀን የማየው ጉንጩን ብቻ ኖሯል። ጸጉሩ እንደ በቆሎ ጢም ቀልቷል። ውሃው ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም ግድ የለው፤ አያለቅስም፣ አይጫወትም። አቅፌ ወስጄ ለአማቴ አሳየኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ ጠግቦ ነው እንጂ!» አሉ አማቴ። «የወፈረ ሥጋ ለስላሳ ነው።»

ባለቤቴ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዷል። ልጁን አዝዬ ወደ ጎረቤታችን ወደ አያ ካሳ ሮጥሁ፤ በሬ በማደለብ አገር ያወቃቸው ሽማግሌ ናቸው። እግሩን እንኳ አልነኩትም፤ ፊቱን ብቻ ብዙ አዩት።

«የደለበ በሬ ይፈነጫል፤» አሉኝ። «የወፈረ ልጅም ይስቃል። ይህ መቼ ነው የሳቀው?»

ባስታውስ ባስታውስ አልመጣልኝም።

«እንግዲያ ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው። በይ ጎንደር ሐኪም ቤት ውሰጂው።»

አስፋልት የሌለው መንገድ ዳር ወርደን ቆምን። ጨው የጫነ ማኪና ሲመጣ አያ ካሳ ምርኩዛቸውን ይዘው መሐል መንገድ ላይ ተገተሩ። ማኪናው ተንሸራቶ አፍንጫቸው ስር ቆመ።

«ሽማግሌ፣ መሞት አምሮሃል?» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ።

«እኔማ ኖሬያለሁ፤ ያልኖረው ይህ ነው። ጫነው!»

ሹፌሩ አጉረመረመ፤ ግን ጋቢናውን ከፈተልኝ። ሊማሊሞን እየተጠማዘዝን ስንወጣ ገደሉን አላየሁም፤ የልጄን እግር ጨብጬ ነበር። ደባርቅ ላይ ብርዱ ሲገባ ሹፌሩ ጋቢውን አውልቆ አለበሰንና «አይዞሽ እኅቴ» አለኝ። ሽማግሌውን የሰደበው ሰው አልመስል አለኝ።

ሐኪም ቤት የተቀበለችን ሲስተር ጥሩነሽ የምትባል ነርስ ናት፤ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ። እኔ ተሽቀዳድሜ «መርፌ ውጉልኝ» አልኋት።

«ቆይ፤ መጀመሪያ ምን እንደሚበላ ንገሪኝ።»

ነገርኋት። «አይራብም እኮ!» አልሁ።

«አልተራበም፤» አለች። «ግን ቤት የምትሠሪው በማገዶ ብቻ ነው? እንጀራና ቂጣ ማገዶ ነው፤ ገላን ያሞቃል፣ እግርን ያስሮጣል። ግድግዳው የሚቆመው ግን በድንጋይና በጭቃ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ የልጅ ገላ የሚታነጸው በነዚህ ነው። ሐኪሞቹ ፕሮቲን ይሉታል። ልጅሽ ደጁ በማገዶ ተሞልቶ ግድግዳው እየፈረሰ ነው። ያበጠውም ውሃ ነው፤ ሥጋ አይደለም።»

«ቅቤስ?» አልኋት።

«ቅቤና ዘይት እንደ ወይራ ግንድ ናቸው፤ ትንሹ ብዙ ያነድዳል። የልጅ ሆድ ጠባብ ስለሆነ ጭራሮ ሲጭኑበት ከሚውሉ ግንድ ጣል ማድረግ ይሻላል።»

አጠገባችን ልጇን ያስተኛች ዘይነባ የምትባል የዚያው የጎንደር፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴ ነበረች፤ አፏ የማያርፍ፣ ሆዷ ግን ማር። «እኔ ገበያ ውስጥ ነው ያደግሁት፤» አለች። «ፕሮቲን የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም!»

«ሽምብራ አትሸጪም?» አለቻት ሲስተር።

«ሞልቶ!»

«እንግዲያ ዕድሜሽን ፕሮቲን ስትሸጪ ኖረሻል።»

«ወይኔ! እያወቅሁ ቢሆን አስወድደው ነበር!» ስትል የታመመው ሁሉ ሳቀ። መኳንንት ብቻ አልሳቀም።

የዱቄት ወተት ከስኳርና ከዘይት ጋር አዋሕዳ በማንኪያ ታጠጣው ጀመር። ይተፋዋል፤ ትጠርገዋለች፤ ደግማ ትሰጠዋለች። እንደዚያች ሴት ትዕግሥት ያለው ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። እኔ ግን ቀን በቀን ልቤ ይቆረጥ ነበር፤ ልጄ ከሳ። ያ ድብልብል እግር ሟሸሸ፣ ጎኑ ተቆጠረ፣ ፊቱ የሽማግሌ ፊት መሰለ። ወፍሮ አምጥቼው አጥንቱን ሊሰጡኝ ነው ብዬ አንድ ጠዋት አዘልሁትና ወደ በሩ ወጣሁ።

ሲስተር ጥሩነሽ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። አልጮኸችብኝም። «ውሃው ወጣለት፤» አለች። «ልጅሽን ገና ዛሬ ማየትሽ ነው። ወዴት ትወስጂዋለሽ?»

«ቤቴ። መሞቱ ካልቀረ ቤቱ ይሙት።»

«እስኪስቅ ድረስ ቆዪልኝ።»

ደነገጥሁ። አያ ካሳ ያሉትን አልነገርኋትም ነበር። በሬ አድላቢውና ነርሷ፣ ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ ባንድ ምልክት ተገናኙብኝ። እግሬ ወደ ኋላ መለሰኝ።

ሳቁ የመጣው በእንቁላል ነው። ዘይነባ የተቀቀለ እንቁላል ልጣ ልታጎርሰው ስትል አምልጧት አልጋው ላይ ተንከባለለ። ልታነሳው ስትጎነበስ መኳንንት ያንን ክስስ ያለ እጁን ዘርግቶ ቀደማትና ጉያው ውስጥ ወሸቀው። «ሌባ! የፕሮቲን ሌባ!» ብላ ጮኸችበት። እሱም ሳቀ። ድዱ እስኪታይ፣ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አለቀስሁ፤ ዘይነባም እየተሳደበች አለቀሰች።

ሲስተር ጥሩነሽን የማደንቃት ለዚህ ነው። እኔ ከሩቅ አገር የመጣ መርፌ ስጠብቅ፣ የልጄን መድኃኒት ከገዛ ጓዳዬ አወጣችልኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ለአጥሚቱ ከተቆላው ገብስ ጋር ባቄላና ሽምብራ አብሬ አስፈጨሁ፤ ላዩ ላይ ቅቤ፣ ጾም ሲሆን የኑግ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። እንቁላሉ ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ለልጄ፣ የተረፈው ለዛሪማ ሆነ። አማቴ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ልጁ ጭዱን ሲበታትን ሲያዩ ራሳቸው ያጎርሱት ጀመር። አያ ካሳም በደጃፋችን ባለፉ ቁጥር «ፈነጨ?» ይሉኛል። «ፈንጭቷል አያ!» እላቸዋለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።

ትናንት ይህን ሁሉ ለምራቴ ነገርኋት። እሷም ሁለት ነፍስ ናት። ሲያልቅ ጣሳውን ከእጄ ወሰደችና ባሏ እግር ስር ተንበረከከች።

«ደግሞ አንቺም?» አላት።

አውራ ጣቷን በእግሩ ጀርባ ላይ አሳረፈች፤ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ሥጋው ተመለሰ። እሱ እንደኮረኮሩት ልጅ ከት ብሎ ሳቀ።

እኔም ከእንግዲህ ለእሷ ትቼዋለሁ። ልጄ ድኗል። እኔም አሁን አልፈራም።